ሁለት ድስት በአንድ ግቢ

እናቴ በስልክ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ነበር የምትጠይቀኝ። ጤናህስ? ትምህርትስ? ሦስተኛውን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትለው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል። «ረቡዕና ዓርብን እየጾምክ ነው አይደል ልጄ?»

«አዎ እማዬ» እላለሁ። ውሸቴን ነበር።

ጊዜው የ2003 መገባደጃ ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስኮላርሺፕ አግኝቼ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግቢ ውስጥ ማደር፣ የግቢውንም ምግብ አስቀድሞ ከፍሎ መብላት ግዴታው ነው። እኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ካፌ ስንት ስድብ ይወርድበታል፤ ግን ቢያንስ ጾም መሆኑን ያውቃል። ረቡዕ ከሆነ ሽሮው ይመጣል፣ ምስሩ ይመጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እዚህ አዳራሹ እንደ ስታዲየም ሰፊ ሆኖ ሳለ ቺዝ ያልነካው ነገር ማግኘት አቃተኝ። ሰላጣው ላይ ቺዝ፣ ሾርባው ውስጥ ክሬም፣ ድንቹ በቅቤ። የመጀመሪያውን ሳምንት በዳቦና በሙዝ ገፋሁት። በሁለተኛው «ሰው አገር ነኝ፣ እግዚአብሔርም ያውቃል» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ምክንያት መደርደሩንም ተውኩት።

አብሮኝ ዶርም የተመደበው ልጅ አይሁዳዊ ነበር፤ ኮሸር የሚጠብቅ አይሁዳዊ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ስሙ በማያነበው ፊደል መጻፉን የሚወድ አይመስለኝም። በገባን ቀን ሻንጣውን ከፍቶ መጀመሪያ ያወጣው ልብስ አይደለም፤ ሁለት ትንንሽ ድስት ነው። አንደኛው እጀታ ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠምጥሟል፣ ሁለተኛው ላይ ሰማያዊ። ከዚያ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ሹካ፣ ሁለት ሳህን፤ ሁሉም ቀይና ሰማያዊ ምልክት አላቸው። «ቀዩ የሥጋ ነው፣ ሰማያዊው የወተት» አለኝ። እኔም በበኩሌ ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ወተትም እንደማልበላ ነገርኩት። ያኔ እውነት ነበር። ዓይኑ በራ። «እሺ፣ እንግዲያው እንግባባለን» አለ።

ለኛ አንባቢ ኮሸርን ማስረዳት ከባድ አይደለም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ስንሰማ ነው ያደግነው፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ፣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ የአሳማ ነገር። ባረድኩት አልበላም፣ ባረድከው አልበላም መባባል ለኛ ባዕድ አይደለም። የሚከብደን ሌላው ነው። ኦሪት ግልገልን በእናቱ ወተት መቀቀልን ሦስት ቦታ ትከለክላለች፤ ረቢዎቹ ከዚህ ተነሥተው ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ድስት፣ በአንድ ማንኪያ እንዳይገናኙ አጠሩት። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመቅመስ ሰዓታት ይጠብቃል፤ ብዙዎች ስድስት፣ የጀርመን ዘር ያላቸው ሦስት። ሥጋም ወተትም ያልሆነው ሦስተኛው ወገን ፓርቬ ይባላል፤ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ። እንቁላልና ዓሣም ግን እዚያው ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ «ፓርቬ የጾም ነው» ብሎ ለሚሮጥ የኛ ሰው ወጥመድ አለው። እኔም አንዴ ገብቼበታለሁ፤ ኬክ ነበር።

የወለላችን የጋራ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ኦቨኑን አይነካም ነበር። ምድጃው ላይ ግን የራሱን ድስት ይጥዳል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከትምህርት ዘግይቼ መጣሁ። የምግብ አዳራሹ ተዘግቷል። ከጓደኞቼ አንዱ የሰጠኝ የዶሮ ወጥ መሳይ ነገር ነበረኝ፤ ላሙቀው ብዬ ያገኘሁትን ድስት አነሣሁ። እየበላሁ ሳለ ገባ። ድስቱን አየ። ሰማያዊው ነው።

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ድስቱን አንሥቶ አጠበው፣ መስኮቱ ላይ ደፋው፣ «ረቢውን እጠይቃለሁ፣ ብረት ስለሆነ አንድ ቀን አሳድሬ በፈላ ውሃ ላነጻው እችል ይሆናል» አለ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ነገሩ አለቀ ብዬ ስተነፍስ ዞር አለና፣ ያለ ምንም ክፋት፣ ማወቅ እንደፈለገ ሰው ጠየቀኝ፦ «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

ያንን ጥያቄ ሃያ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። እናቴን መዋሸት ቻልኩ፤ እሱ ግን ያልኩትን ቃል በቃል ይዞ ነበር። ሁለታችንም አንድ ወለል ላይ ነን፣ ሁለታችንም አንድ የምግብ ክፍያ ከፍለናል፣ ሁለታችንም በቤታችን ሕግ አለን። እሱ ይዞት መጣ፤ እኔ በሦስት ሳምንት ጣልኩት። ለምን? ለራሴ የምሰጠው መልስ ያሳፍረኝ ስለነበር ጥያቄውን ወደ ታሪክ አዞርኩት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ወደ መደርደሪያ የመመለስ ሥራ ነበረኝ፤ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ነው። ኮሸር የሚበላ ተማሪ እነዚህ ግቢዎች ውስጥ እንዴት ኖረ? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በዚያው የታሪክ ኮርስ ወረቀቴ ሆነ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ለረጅም ጊዜ ጥያቄው ጭራሽ አለመነሣቱ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱት የአይሁድ ልጆች በብዛት የተማሩት የኒውዮርኩ ሲቲ ኮሌጅ ነው። በ1847 የተመሠረተው ይህ ኮሌጅ ለትምህርት ክፍያ አይጠይቅም ነበር፤ በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ከተማሪው እጅግ የሚበዛው አይሁድ ነበር። ግን ዶርም አልነበረውም። ተማሪው ጠዋት በባቡር ይመጣል፣ ማታ በባቡር ይመለሳል፣ የእናቱን እራት ይበላል። እናት ድስቱን ስትለይ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባው? የኮሸር ጥያቄ የተወለደው ተማሪው ግቢ ውስጥ ማደር ሲጀምር ነው። ማደር ደግሞ በራሱ ሌላ ታሪክ አለው።

ሃርቫርድን ከ1909 እስከ 1933 የመሩት አቦት ሎረንስ ሎዌል አብሮ ማደርን እንደ እምነት የያዙ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የሀብታም ልጆች የግል ሕንጻ ተከራይተው በቅንጦት ይኖራሉ፤ ድሃው በየጥጉ ይወሸቃል። ሎዌል ይህን ጠሉት። በ1914 ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የተሠሩት አዳራሾች ተከፈቱ፤ ሐሳቡ ሁሉም በአንድ ጣሪያ እንዲያድር፣ በአንድ ገበታ እንዲበላ ነው። ሲነበብ ደስ ይላል። የኛ ሰው «አብሮ የበላ» የሚለው ዓይነት ነገር።

ነገር ግን «ሁሉም» ማን ነው? እኚሁ ሰው ጥቁር ተማሪዎች እነዚያ አዳራሾች ውስጥ እንዳያድሩ ከለከሉ። ሮስኮ ኮንክሊንግ ብሩስ የሚባሉ፣ ራሳቸው በሃርቫርድ የተማሩ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ለልጃቸው ማደሪያ ሲጠይቁ እምቢ ተባሉ፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ አገር አወቀው። በ1922 ደግሞ ሎዌል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ይወሰን አሉ። በዚያ ዓመት ከገቡት ተማሪዎች ከአምስቱ አንዱ አይሁድ ነበር። ምክንያታቸው የሚገርም ነው፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ጥላቻ ይበዛባቸዋል፣ ስለዚህ ብንቀንሳቸው ለራሳቸው ይበጃል። የማመልከቻ ቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ ተጨመረ፦ ከተወለድክ ወዲህ የአንተ ወይም የአባትህ ስም ተለውጦ ያውቃል? ጠያቂው ምን እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል።

በ1923 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ግልጽ ኮታውን አልተቀበለም። ስለ ጥቁር ተማሪዎችም ማንም በቀለሙ ምክንያት እንዳይከለከል ወሰነ፤ ግን ነጭና ጥቁር አብረው እንዲኖሩና እንዲበሉ አይገደዱም የሚል ሐረግ አስገባበት። ልብ በሉ፤ መብላት በቦርድ ውሳኔ ውስጥ ገባ። የአይሁዱ ነገርስ? በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ «ጠባይ» የሚባል መመዘኛ መጣ፣ ፎቶግራፍ ተጠየቀ፣ ቁጥሩም ያለ ኮታ ወረደ። ዬል ውስጥም ተመሳሳይ ያልተጻፈ ጣሪያ ነበር፤ ከመቶ አሥር ገደማ፣ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ።

እንዲህ ባለ ዘመን በሩን አልፎ የገባ ተማሪ «ኮሸር ስጡኝ» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላችኋል? ስሙን ቀይሮ የገባ አለ። ያቀረቡለትን ይበላል። አሳማው ሲመጣ ድንቹን ይበላል። እኔ ያንን ተማሪ አውቀዋለሁ፤ ሰላጣው ላይ ያለውን ቺዝ በሹካ ገለል የሚያደርገው ነው፣ ከዚያም ገለል ማድረጉን የሚተወው።

የለውጡ መነሻ የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው፤ ከኢሊኖይ የበቆሎ ማሳ መካከል። እዚያ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦልድዊን የሚባሉ ክርስቲያን የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር መጽሐፍ ቅዱስን ሲያስተምሩ አይሁድ ተማሪዎቻቸው የገዛ መጽሐፋቸውን አለማወቃቸው አሳዘናቸው። ለአካባቢው አይሁዶች አቤት አሉ። በ1923 ቤንጃሚን ፍራንክል የሚባል ወጣት ረቢ ሂሌል የተባለውን የተማሪዎች ቤት እዚያ ጀመረ፤ ዛሬ ሂሌል በመቶዎች በሚቆጠሩ ግቢዎች አለ። የአይሁድ ተማሪ ቤት መነሻው የአንድ ክርስቲያን መምህር ቅሬታ መሆኑ ደስ ይለኛል። በዚያው በ1923 ነው ሃይንዝ የተባለው ኩባንያ የታሸገ ባቄላው ላይ ክብ ውስጥ «ዩ» የሚል ትንሽ ምልክት ያተመው፤ የኦርቶዶክስ አይሁድ ማኅበር የኮሸር ማረጋገጫ ነው። ይህቺ ጭረት የምታክል ምልክት ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ደንብ ይበልጥ የዶርም ተማሪን የጠቀመች ይመስለኛል። ሱቅ ገብቶ፣ ቆርቆሮውን ገልብጦ፣ ምልክቷን አይቶ ይገዛል። ጎኗ «ዲ» ካለ ወተት አለበት ማለት ነው። እኔ በኋላ በጾም ወቅት ያችን «ዲ» ስሸሽ ዶርምሜቴ ስቆ አያበቃም ነበር።

ሌላው መንገድ የራስን ግቢ መሥራት ነው። በ1928 ኒውዮርክ ውስጥ የሺቫ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጠዋት ታልሙድ፣ ከሰዓት ፊዚክስ። እዚያ ኮሸር ጥያቄ አይደለም፣ አየር ነው። የማን ነው የማይባለው የብራንዳይስ ታሪክ ግን ይበልጥ ይስባል። በ1948፣ ኮታው ገና ሳይሞት፣ አይሁዶች ገንዘብ አዋጥተው ቦስተን አጠገብ ከፈቱት፤ ለማንኛውም ሃይማኖት ክፍት ነው ብለው። በ1955 ሦስት የጸሎት ቤቶች ሠሩ፤ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንት፣ የአይሁድ። የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ እንዳይወድቅ ተደርገው ነው የተቀመጡት ይባላል። ጥላን እንኳ ያሰቡ ሰዎች በ1987 ምን ገጠማቸው? አስተዳደሩ ከሁሉም ወገን ተማሪ ለመሳብ ሲል በምግብ አዳራሽ አሳማና ሽሪምፕ እንዲቀርብ ወሰነ። የኮሸር ማብሰያው አልተነካም፤ ጠብ ግን ተነሣ፣ ለጋሾች ተቆጡ። አንዱ ወገን «ካልቀረበማ ክፍት ነን ማለታችን ውሸት ነው» ይላል። ሌላው «እኛ የሠራነው ቤት ውስጥ እንኳ እንግዳ ልንሆን ነው?» ይላል። እኔ በዚህኛው ክርክር ወገን መያዝ አልቻልኩም። ያየሁት ግን አለ፤ አሳማ የሌለበት ገበታ ለአንዱ ቤት፣ ለሌላው ቁጥጥር ነው። ለማንም የማያደላ ገበታ የለም። ምን እንደሚበሰል የሚወስን ሰው ሁልጊዜ አለ።

ይህን ወረቀት ስጽፍ የሃርቫርዱን ሎዌል ረስቼ ነበር፤ ያስታወሰኝ ዬል ነው። በ1997 አምስት የኦርቶዶክስ አይሁድ ተማሪዎች ዬል ውስጥ «ዶርም አናድርም» አሉ። የምግቡ ነገር እስከዚያ ተፈትቶ ነበር፤ ኮሸር እራት በግቢው አለ። እነሱ የተቃወሙት ወንድና ሴት አንድ ወለል ላይ የሚያድሩበትን፣ መታጠቢያ ቤት የሚጋሩበትን ኑሮ ነው። ከግቢ ውጭ እንደር ቢሉ ደንቡ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንዲያድር ያስገድዳል። ያገባ ሰው ነፃ ነው፤ አንዷ ይህን አይታ ከእጮኛዋ ጋር በማዘጋጃ ቤት ተፈራርማ ወጣች። አራቱ ከሰሱ፤ ክሱ እስኪያልቅ የማያድሩበትን ክፍል ኪራይ፣ በዓመት ወደ 7 ሺህ ዶላር የሚጠጋ፣ ይከፍላሉ። በ1998 ተረቱ፣ በ2000 በይግባኝም ተረቱ። ዬል የግል ተቋም ነው፣ ካልተመቻችሁ ሌላ ቦታ መማር ትችላላችሁ፤ የፍርዱ ፍሬ ነገር ይሄ ነበር።

በሕግ ፍርዱ የተሳሳተ አይመስለኝም። ሌሎች ኦርቶዶክስ አይሁድ ተማሪዎችም እዚያው ዶርም እያደሩ ሕጋቸውን ይጠብቁ ስለነበር፣ «እኛም አማኞች ነን» ብለው አምስቱን ተቃውመዋል። ግን የዩኒቨርሲቲውን መከራከሪያ ሳነብ ጆሮዬ ላይ የጮኸው የ1914ቱ ቋንቋ ነው፤ አብሮ መኖር የትምህርቱ አካል ነው፣ ማንም ለብቻው አይገለልም። ቃሉ ያማረ ነው፤ በቅንነትም እንደተባለ አምናለሁ። ታዲያ አብሮ የመኖሩ ዋጋ ሲሰላ ሁልጊዜ ከፋዩ ለምን አንዱ ወገን ይሆናል? ቺዝ የሚወድ ተማሪ አብሮኝ በመኖሩ የከፈለው ምንም የለም።

በተመሳሳይ ዓመት፣ በ1997፣ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ጄምስ ፍሪድማን የግቢው አዲስ የአይሁድ ማዕከል ሲመረቅ ተነሥተው የ1934 ደብዳቤ አነበቡ፤ ኮሌጁ የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ስለመቀነስ የተጻጻፈው ነው። በምርቃት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ድፍረት ይጠይቃል። በ2001 እዚያው ኮሌጅ ኮሸርና ሐላል ጎን ለጎን የሚበሰልበት አዳራሽ ከፈተ። ኦበርሊን ኮሌጅም ኮሸርና ሐላል የሚበሉ ተማሪዎች ራሳቸው እያበሰሉ የሚበሉበት የጋራ ቤት ነበረው። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የማይገናኝበት አገር ላደግኩት ለእኔ፣ አይሁድና ሙስሊም አንድ ማብሰያ ቤት ሲጋሩ ማንበብ እንደ ተረት ነበር። ግንቡን ያላፈረሱት፣ ድስቱን ለይተው ጠረጴዛውን የቀጠሉት መሆናቸው ነው ያሳመነኝ።

አንድ ነገር ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። ይህ ታሪክ ለኛ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የጎንደር ቤተ እስራኤሎች የራሳቸው ወገን ካረደው በቀር ሥጋ አይበሉም ነበር፤ ከባዕድ ጋር የዋለ ሰው ወደ መንደር ሳይገባ ይታጠባል፤ ጎረቤት «አትንኩኝ» እያለ ያሾፍባቸዋል። በ1905 ታምራት አማኑኤል የተባለ ወጣት ዣክ ፋይትሎቪች ከሚባለው ምሁር ጋር ወደ ፓሪስ ሄደ፣ ቆይቶም ፍሎረንስ ከሚገኘው የረቢዎች ኮሌጅ ገባ። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ለቤተ እስራኤል ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊው እሱ ሆነ። ከወገናቸው መንደር ርቀው፣ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቤት የሚያድሩና የሚበሉ ልጆች። እኔ አሜሪካ ሄጄ ስለ ኮሸር ተማሪ ጉድ ስል፣ የመጀመሪያዎቹ እዚሁ በአማርኛ የሚያወሩ ነበሩ። ስለ እነሱ በትምህርት ቤት አንድ መስመር አልተማርኩም። ዶርምሜቴ ነው የነገረኝ።

ወደ ዶርሙ ልመለስ። ከድስቱ በኋላ ልጁ ለጥቂት ቀናት ዝም አለ፤ ከዚያ አንድ ሰኞ «ሂሌል ቤት እራት ና» አለኝ። የሥጋ ማታ ነበር። በሥጋ ማታ እዚያ ቤት ውስጥ ወተት የሚባል ነገር አይገባም፤ ዳቦው፣ ባቄላው፣ ድንቹ ሁሉ ያለ ቅቤ ነው፤ አንድ ተቆጣጣሪ ቆሞ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ለትል ይፈትሻል። ረቡዕና ዓርብ እዚያ መሄድ ጀመርኩ። ሥጋውን እዘላለሁ፣ ሌላውን እበላለሁ። ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረቡዕን የጾምኩት አይሁድ ቤት ነው።

ዓርብ ማታ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ሰንበት ከገባ በኋላ ኤሌክትሪክ አይነካም፤ የሕንጻችን በር ደግሞ በካርድ የሚከፈት ነው። ከጸሎት ሲመለስ ብርድ ላይ ቆሞ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። «ክፈትልኝ» ብሎ በቀጥታ ማዘዝም አይገባውም። እኔ ሰዓቱን አወቅኩት፤ በአጋጣሚ ያለፍኩ መስዬ ወርጄ እከፍታለሁ። ሁለታችንም በአጋጣሚ መሆኑን እናምናለን። በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ቅዳሜም ትከበር ብለው ያስወሰኑለት ሕዝብ ልጅ ስለሆንኩ ብዙም አልከበደኝም።

ግን ሁሉ አላማረም። ወለላችን ላይ ያሉት ልጆች ማታ ማታ ፒዛ ሲያዝዙ እሱን መጥራት ተዉ። ክፋት አልነበረም፤ «እሱ እኮ አይበላም» ነው የሚባለው። እኔንም ረቡዕና ዓርብ መጥራት ተዉ። አንድ ማታ ኮሪደሩ ላይ ሳቅ ሲሰማ መጽሐፉን አስቀምጦ «ረኀቡ እኮ ምንም አይደለም፣ የሚከብደው አለመጠራቱ ነው» አለ። ስለ ልዩ ማብሰያ ቤት የሚጻፈው ሁሉ ይሄን ይዘለዋል። በርህን የሚያስከፍትልህ ነገር ሌላ በር ይዘጋብሃል። እሱ ሁለቱንም በር ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው የመረጠው።

ዐቢይ ጾም የካቲት 8 ቀን ገባ፤ በእነሱ ፌብሩዋሪ 16። ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ እስካሁን ስዋሽሽ ነበር» አልኳት። ዝም አለች። «ረቡዕን ገድፌ ነበር፣ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ይዣለሁ፤ አይሁዶች ቤት እየበላሁ።» ዝምታው ረዘመ፣ የካርዱ ሒሳብ እየነጎደ። በመጨረሻ «ቅቤ የለበትም?» አለች። የለበትም አልኳት። «እንግዲያውስ ጎሽ» አለችና ወሬ ቀየረች።

በ2004 የአይሁድ ፋሲካና የኛ ሰሙነ ሕማማት አንድ ቀን ጀመሩ፤ ኤፕሪል 5፣ ሰኞ። በእነሱ ፋሲካ ስምንት ቀን ሙሉ እርሾ የነካው ነገር አይበላም፤ ቂጣ ብቻ። መብላት ብቻ ሳይሆን በእጅ መያዝ፣ ባለቤት መሆንም አይቻልም። ስለዚህ ያለውን ይበላል፣ ያቃጥላል፣ ወይም አይሁድ ላልሆነ ሰው ይሸጣል። አብዛኛው ሰው ይህን በረቢው በኩል ነው የሚያስፈጽመው። ዶርምሜቴ ግን ጠዋት ካርቶን ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውስጡ ማካሮኒ፣ የቁርስ እህል፣ ሁለት ፓኬት ብስኩትና ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ አለ።

«ትገዛኛለህ?» አለኝ።

«ስንት?»

«አንድ ዶላር ቀብድ። ቀሪውን ከስምንት ቀን በኋላ ካልከፈልክ መልሼ እገዛሃለሁ።»

ወረቀት አወጣ። ውል ነው፤ በእጁ ጽፎታል፣ ዕቃው የተቀመጠበት የቁም ሳጥን ክፍል ለእኔ መከራየቱ ጭምር ተጠቅሷል። የቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «የምር ሽያጭ ካልሆነ ሽያጭ አይደለም» አለ። «ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ ያንተ ነው። ብትበላው መብትህ ነው። መልሼ አልሸጥም ብትልም መብትህ ነው።»

ፈረምኩ። አንድ ዶላር ሰጠሁት። እሱ ስምንት ቀን የማይነካው፣ እኔም ብስኩቱን ስድስት ቀን የማልነካው ካርቶን በሁለታችን አልጋ መካከል ባለው ቁም ሳጥን ተቆለፈበት፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ሆነ። የጾሜ ቀን ስለሆነ ብስኩቱ ቅቤ እንዳለበት ምልክቱን አየሁ። «ዲ» አለበት።

እሁድ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶርም ገባሁ። እንቅልፍ ላይ ነበር። ቁም ሳጥኑን በቀስታ ከፍቼ አንደኛውን ፓኬት ቀደድኩ። ሁለት ብስኩት በላሁ፤ ያ ነበር ፋሲካዬ። ሲነቃ ፍርፋሪ እንዳያገኝ ወለሉን ተንበርክኬ በእጄ ጠረግኩ፤ ፍርፋሪው የኔ ነው፣ ክፍሉ ግን የሁለታችን ነው። ማክሰኞ ማታ ኮከብ ከታየ በኋላ ዶላሬን መልሶ ካርቶኑን ተረከበ። ቆጠረ። አንድ ፓኬት ጎደለ።

«ስንት ልቁረጥ?» አልኩት።

«ምን አገባኝ?» አለ፣ ማካሮኒውን ወደ ሰማያዊው ድስት እየገለበጠ። «ያኔ ያንተ ነበር።»